መርፌ ከወጋኝ ሦስት ሳምንት አለፈኝ

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ሆስፒታል የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት የቆሻሻ ከረጢት ሳነሣ ያገለገለ መርፌ ጣቴን ወጋኝ። ለአለቃዬ ብነግራት «በአልኮል ጥረጊው» አለችኝ። አልተመረመርኩም። ብታመም አሠሪዬ ይጠየቃል?

መልስ፦ ይጠየቃል፤ ማስረጃ እንዳያጡ ግን ዛሬውኑ ይመርመሩ። የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ (የጉበት ቫይረሶች) ምርመራ አድርገው ቀንና ማኅተም ያለበትን ውጤት ይያዙ። ኤችአይቪ ወይም ሄፓታይተስ ሲ ከዚያ መርፌ ይዞዎት ቢሆን እንኳ በሦስት ሳምንት በተለመደው ፈጣን ምርመራ ብዙ ጊዜ አይታይም። ስለዚህ ዛሬ ነጻ ከሆኑ ከመወጋትዎ በፊት በሽታው እንዳልነበረብዎት ያሳያል። ብዙዎች መብታቸውን የሚያጡት እዚህ ላይ ነው፤ ከወራት በኋላ ሲመረመሩ በሽታው ይገኛል፣ መቼ እንደያዛቸው ግን ማሳየት አይችሉም። ምርመራው ከተወጉበት ቀን ተቆጥሮ በ6ኛው ሳምንት፣ በ3ኛውና በ6ኛው ወር ይደገማል። እስከዚያ ኮንዶም ይጠቀሙ፤ ደም አይለግሱ።

የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን የሚወሰድ ስለሆነ ጊዜው አልፏል። በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሊልኩዎት ሲገባ አለመላካቸው በጣም ያሳዝናል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካልወሰዱ ግን አሁንም ይጀምሩ፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላና በ6ኛው ወር። ላልተከተበ ሰው በመርፌ ከኤችአይቪ ይበልጥ የሚተላለፈው ሄፓታይተስ ቢ ነው።

ቀጥሎ አደጋውን በጽሑፍ ያመልክቱ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ክፍሉን፣ የትኛው ጣት እንደተወጋ፣ መርፌው ከሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ ከሚጣልበት ሳጥን) ውጭ ከረጢት ውስጥ እንደነበር፣ ያየ ሰው ካለ ስሙን። በሁለት ቅጂ ያዘጋጁና በእርስዎ ቅጂ ላይ «ደርሶናል» አስብለው ያስፈርሙ። «በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ» ተብሎ እንዲመዘገብም አጥብቀው ይጠይቁ። ሕጉ በአካባቢው የተስፋፋን በሽታ፣ ያንን በሽታ ማጥፋት ሥራው ለሆነ ሠራተኛ ካልሆነ በቀር፣ ከሥራ የመጣ በሽታ አድርጎ አይቆጥርም። ለዚህ ነው ቲቢ የያዘው ሠራተኛ ብዙ የሚከራከረው። የእርስዎ ጉዳት ግን ቀንና ቦታ ያለው አደጋ ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ፣ ሰክሮ ካልሠራ ወይም ግልጽ የደህንነት መመሪያ ካልጣሰ። የሕክምና ወጪ ይሸፍናል። ሥራ መሥራት ካልቻሉም ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት 75 በመቶ፣ ለተከታዮቹ 6 ወራት 50 በመቶ ይከፍላል። የመንግሥት ሆስፒታል ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው።

ማመልከቻዎን አንቀበልም ካሉ ቅጂውንና የምርመራ ውጤቱን ይዘው በአካባቢዎ ወዳለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ።