«ስለ ካርታ ምን አውቃለሁ?» ለምትለው ልጅዎ

ጥያቄ፦ ልጄ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዜግነት ከወሰደች ቆይታለች። የምርጫ ክልሎች ካርታ እንደገና ሊሠራ ስለታሰበ ነዋሪው ቀርቦ ሐሳቡን እንዲናገር ተጠርቷል አለችኝ። «እማዬ፣ እኔ ከጎንደር የመጣሁ ነርስ ነኝ፤ ስለ ካርታ ምን አውቃለሁ?» ትላለች። ምን ልበላት? እኛስ አገር ይህን መስመር የሚያሰምረው ማን ነው?
ከአዘዞ

መልስ፦ እናቴ፣ ትሂድ። ሄዳም ትናገር።

ስለ ካርታ ማወቅ አይጠበቅባትም። ካርታውን የሚሠሩት ሰዎች የሕዝቡ ቁጥር በእጃቸው ነው። የሚጎድላቸው ሰፈሩን የሚኖርበት ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። ሜሪላንድ በአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት 8 መቀመጫ አላት። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ መሠረት አንድ ተወካይ የሚመረጥበት አንዱ የምርጫ ክልል ከ770 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። ቁጥሩ እንዲመጣጠን መስመሩ የሆነ ቦታ ማለፉ አይቀርም። በማን ሰፈር መሀል ይለፍ? ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ነው።

አዘዞን ያስቡት። መስመሩ በዋናው አስፋልት ላይ ቢሰመር ግራና ቀኝ ያለው ሰው ለየብቻ ይመርጣል። እድሩ ግን አንድ ነው። ልጆቹ የሚማሩት አንድ ትምህርት ቤት ነው። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ጀሪካኑን ይዞ የሚሰለፈውም አብሮ ነው። ለሁለት የተከፈለ ሰፈር በሁለቱም ክልል ጥቂት ይሆናል። ስለ ውኃው ቢጮህ አንዱም ተወካይ አይቸኩልለትም። ይህን ቢሮ የተቀመጠ ባለሙያ ከቁጥር ላይ አያገኘውም። የሰፈሩ ሰው ተነሥቶ መናገር አለበት።

ስለዚህ ልጅዎ የፓርቲ ነገር ባታነሣ ይሻላታል። የሚሰጣት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። ጎረቤቶቿ የት እንደሚገበያዩ፣ የት እንደሚያስቀድሱ፣ በየትኛው አውቶቡስ ሥራ እንደሚሄዱ ትናገር። መንገዱን በስሙ ትጥራ። «ከዚህ መንገድ እስከዚያኛው ያለነው አንድ ነን፤ አትክፈሉን» ካለች በቂ ነው። በጽሑፍ አድርጋ ታንብበው፣ ወረቀቱንም ትስጣቸው።

ደግሞ ጊዜው ካለፈ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ካርታው ለአንድ ፓርቲ እንዲያደላ ተደርጎ ተሠራ የሚለውን ክስ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አያዩትም ብሎ ወስኗል። ከቀረቡለት ሁለት ጉዳዮች አንዱ ከዚያው ከሜሪላንድ የሄደ ነበር።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ነገሩ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ላይ አለ። የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል። በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ ምርጫ ቦርድ ረቂቅ ያቀርባል፤ የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው ግን በ1999 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የጎንደር ከተማ ሕዝብ 207 ሺህ ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዘዞ ላይ ስንት ቤት እንደተሠራ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዘመ። ይህ እኔን ያንገበግበኛል። ያኔ ገና ያልተወለደ ልጅ ዛሬ ለምርጫ ካርድ ደርሷል።

ቆጠራው ሲደረግ ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት ጎንደር ላይም መድረክ ይከፈት ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ከአሁኑ መጠየቅም አለበት። እርስዎም ለሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ያንሡት። ተስማምታችሁ ጸሐፊው ለምርጫ ቦርድ ደብዳቤ ቢጽፍ፣ የሰፈራችሁን ወሰን ከነመንገዱ ያስፍርበት።