አባይ በረሃ ለፊልድ ለምትወርዱ ልጆች

ጂኦሎጂ እየተማራችሁ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልድ ለምትወጡ ልጆቼ ነው ይሄን ምጽፈው። ሰላሳ ምናምን ዓመት መዶሻ ይዤ ዞሬያለሁ፣ መንገድ ስራ ላይ፣ ውሃ ጉድጓድ ላይ፣ ማዕድን ፍለጋ ላይ፣ እና እስከዛሬ እንጀራ የበላሁበት እውቀት አብዛኛው ክላስ ውስጥ የተማርኩት ሳይሆን ተማሪ እያለሁ ጎሃጽዮንና ደጀን መሃል እዛ ገደል ውስጥ በላብ ያገኘሁት ነው።

የገደሉን የድንጋይ ንብርብሮች ቅደም ተከተል ከመሄዳችሁ በፊት ትሸመድዱታላችሁ አውቃለሁ፣ እኛም ሸምድደናል። ከላይ ደጋው ላይ ባዛልት (ላቫ ቀዝቅዞ የሆነው ጥቁር ድንጋይ)፣ ከስሩ የላይኛው ሳንድስቶን (የአሸዋ ድንጋይ)፣ ከዛ ሙገር ማድስቶን (የጭቃ ድንጋይ)፣ ከዛ አንታሎ ላይምስቶን (የኖራ ድንጋይ)፣ ከዛ ጂፕሰምና (ጀሶ) ሼል (በስስ የሚሰነጠቅ የጭቃ ድንጋይ) ያለበት ጎሃጽዮን ፎርሜሽን የሚባለው ንብርብር፣ ወንዙ ጋ ስትደርሱ ደግሞ አዲግራት ሳንድስቶን። ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሸምድዶ የወረደ ሰው የሚያየው የሸመደደውን ነው።

ለምሳሌ ባዛልቱና ሳንድስቶኑ የሚገናኙበት ቦታ አለ። ተማሪ እዛ ጋ ሲደርስ ፎቶ አንስቶ ያልፋል። እኔ ግን እዛ ቁጭ በሉ ነው የምለው። ባዛልቱ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፣ ከስሩ ያለው ሳንድስቶን የዳይኖሰሮች ዘመን ነው፣ ስለዚህ መዳፋችሁን ሁለቱ ላይ ብትዘረጉ አውራ ጣታችሁና ትንሿ ጣታችሁ መሃል በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ጎድሏል። የት ሄደ? ታጥቦ ነው ወይስ መጀመሪያውኑ ምንም አልተጣለም? አንዳንድ ቦታ ባዛልቱ ስር ቀይ የተጠበሰ አፈር ታያላችሁ፣ ላቫው ሲመጣ መሬቱ ላይ አፈር ነበረ ማለት ነው። ይሄን ካያችሁ ሌላ ነገር ባታዩም የዛን ቀን አልከሰራችሁም።

አሁን የኔን ጉድ ልንገራችሁ። በደጀን በኩል እየወረድን ነው፣ ሙቀቱ አናት ይበሳል፣ እኔ ከጓደኞቼ ተለይቼ ጂፕሰሙ ያለበት ተዳፋት ላይ አንድ ትልቅ ላይምስቶን አገኘሁ፣ የሁለት ፎቅ ቤት ያክላል፣ ዛጎሉ ሁሉ ይታያል። ላይምስቶኑ እዛ አካባቢ ጠፍጣፋ ሆኖ የተኛ ነው፣ ይሄኛው ግን ወደ ገደሉ ግድግዳ ወደ 35 ዲግሪ ያዘነብላል። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ስትራይክ እና ዲፕ (ንብርብሩ የሚሄድበትን አቅጣጫና የሚያዘነብልበትን ልክ) ለካሁ፣ ማፑ ላይ በቀይ እርሳስ ፎልት (አለቱ ተሰብሮ የተንሸራተተበት መስመር) አሰመርኩ፣ ማታ ለሁሉም ሰው አሳየሁ። መምህራችን ማፑን አይቶ ምንም አላለም፣ በነጋታው ጠዋት ግን እኔን ብቻ ይዞኝ ተመልሶ ወረደ። ድንጋዩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ያርሳሉ። «አባባ፣ ይሄ ድንጋይ...» ብሎ ሳይጨርስ፣ «ይሄማ የመጣ ነው እንጂ የቦታው አይደለም ልጄ፣ አባቴ ልጅ ሆነው በክረምት ሌሊት ነው የወረደው» አሉት። መምህሬ ወደኔ ዞሮ ላጲሱን ሰጠኝ፣ በቃ ሌላ ቃል አልተናገረም።

ነገሩ ሲገባኝ እንዲህ ነው። ማድስቶኑም ሼሉም ጂፕሰሙም ደካማ ናቸው፣ ክረምት ውሃ ሲገባባቸው ከላይ የተሸከሙትን ጠንካራ ድንጋይ መያዝ ያቅታቸዋል፣ እሱ ደግሞ ሲንሸራተት እንደ ወንበር ወደ ኋላ ይጋደማል፣ ለዛ ነው ወደ ግድግዳው ያዘነበለው። የደጀን መንገድ በየክረምቱ ለምን እንደሚሰነጠቅና እንደሚሰምጥ የገባኝም ያኔ ነው። እና ከዛን ቀን ጀምሮ ማንኛውም ድንጋይ ጋ ስደርስ ኮምፓስ ከማውጣቴ በፊት የምጠይቀው «የመጣ ነው ወይስ የቦታው?» ብዬ ነው። ከዓመታት በኋላ አንድ ፕሮጀክት ላይ (ስሙን ልተወው) የድልድይ እግር ሊያሳርፉበት የነበረው «ቤድሮክ» (የቦታው ጽኑ አለት የተባለው) የመጣ ድንጋይ ነበረ፣ ከስሩ ሲቆፈር ጭቃ ወጣ፣ ሪፖርቱን የጻፈው ልጅ ግን ሳይወርድ ከመንገድ ላይ ሆኖ ነበር ያየው።

ስለዚህ ገበሬውን ጠይቁ። በጎሃጽዮን በኩል ከሆነ ኦሮምኛ የሚችል ጓደኛችሁን አስቀድሙ፣ ሰላምታ ሳትሰጡ የሰው ማሳ ላይ መዶሻ አታንሱ፣ ወርቅ ፈላጊ መስላችሁት የሚቆጣ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም።

አሁን ሳተላይት እያለ ምን ያለፋናል የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው ሳተላይት ብዙ ያሳያል፣ እ.ኤ.አ. በ2005 አፋር ዳባሁ እሳተ ገሞራ ጋ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ላይ እስከ 8 ሜትር ሲከፈት በራዳር ነው የተለካው። ግን ያኔ የነበረውን የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ አጠገቡ ሆኖ ያየው አርብቶ አደሩ ነው፣ ጂኦሎጂስቶቹም ቢሆኑ ቦታው ድረስ ሄደው ነው ስንጥቁን ያዩት።

ኖትቡክ ላይ ስም ለመጻፍ አትቸኩሉ። «አንታሎ ላይምስቶን» ብላችሁ ከጻፋችሁ ማየት አቁማችኋል ማለት ነው፣ መጀመሪያ ቀለሙን፣ የንብርብሩን ውፍረት፣ አሲድ ሲነካው ይፈላል አይፈላም፣ ዛጎሉ ሙሉ ነው ወይስ ስብርባሪ፣ ይሄን ጻፉ፣ ስሙ ማታ ይደርሳል። ስዕል ሳሉ፣ ቢያስጠላም ሳሉ፣ እኔ እስከዛሬ ስስል ዶሮ ነው የሚመስለው። ፎቶ ካነሳችሁም መዶሻ ወይ እስኪርቢቶ አጠገቡ አድርጉ፣ ያለዚያ ገደል ይሁን ጠጠር ማታ አታውቁትም። ኮምፓስ ስታነቡ ግን መዶሻውን አርቁት፣ ብረቱ መርፌዋን ይስባታል፣ ስንቱ ግሩፕ ነው በዚህ የተነሳ አንድ ቀን ሙሉ የለካው ዳታ የተበላሸበት።

ጠዋት 12 ሰዓት ጀምራችሁ ውረዱ፣ ውሃ አትቆጥቡ፣ መውጣቱ ነው የሚገድለው መውረዱ አይደለም። የአሲዷን ጠርሙስ ክዳን ደግሞ ሁለቴ እዩ፣ እኔ ኪሴ ውስጥ አፍስሼ አዲስ ሱሪ ተበልቶብኝ ደጀን ከተማ ሹራብ ወገቤ ላይ አስሬ ነው የገባሁት።