ማንጋን በኪንድልና በኮቦ ማንበብ፦ ጥያቄና መልስ

ማንጋን (የጃፓን የሥዕል ታሪክን) እንደ ኪንድልና ኮቦ ላሉ የኢ-መጽሐፍ ማንበቢያዎች ኢ-ኢንክ (ወረቀት መሳይ) ስክሪን ማዘጋጀት የዘወትር ሥራዬ ስለሆነ የመጡልኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ። የምናገረው ገዝታችሁ ያለ ቁልፍ (መለወጥንና መቅዳትን የሚያግድ መቆለፊያ ሳይኖረው) ስላገኛችሁት ፋይል ነው።

ጥያቄ፦ ሲቢዜድ ፋይል ኪንድሌ ላይ ጫንኩ፤ አይታየኝም። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም ወንድሜ። ሲቢዜድ ስሙ የተለወጠ ዚፕ ነው፤ ውስጡ በተራ የተቀመጡ ምስሎች ናቸው። ኪንድል ይህን አያነብም፣ ኮቦ ያነባል። ኮምፒውተርህ ላይ ኪንድል ኮሚክ ኮንቨርተር የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫንና ፋይሉን ኪንድል ወደሚያነበው ዓይነት ለውጥ። በሞቢ (በኪንድል የፋይል ዓይነት) እንዲያወጣልህ ከፈለግህ የአማዞን ኪንድል ፕሪቪውወርም ያስፈልግሃል።

ጥያቄ፦ ካሊበር (የኢ-መጽሐፍ ማደራጃ ፕሮግራም) አለኝ፤ አይበቃኝም?

መልስ፦ መጻሕፍትሽን ለማደራጀት ይበቃሻል እህቴ። በኮንቨርተሩ የወጣውን ፋይል ግን ደግመሽ በካሊበር አትለውጪው፤ የገጹ አቀማመጥ ይፈርስብሻል።

ጥያቄ፦ ኮቦ ሲቢዜድን እንዳለ ካነበበ እኔ ለምን ልድከም?

መልስ፦ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በማንጋ ውስጥ ግራጫ መስሎ የሚታየው አብዛኛው ጥላ ግራጫ አይደለም፤ እጅግ ደቃቅ የጥቁር ነጠብጣቦች ድርድር ነው። ትልቅ ምስል በችኮላ ሲያንስ እነዚያ ነጠብጣቦች ከስክሪኑ ፒክስሎች ጋር ይጋጩና ሠዓሊው ያልሣለው ሞገድ ወይም መስመር ፊት ላይ፣ ሰማይ ላይ ይወጣል። እንዲህ የተበላሸ ገጽ ሳይ ከልብ አዝናለሁ፤ ሠዓሊው የደከመበት ጥላ ነውና። ስለዚህ ምስሉን አስቀድሞ ኮምፒውተሩ በጥንቃቄ ያሳንሰው። ከኮንቨርተሩ ዝርዝር ውስጥ የራስህን መሣሪያ ምረጥ፦ የ2021ዱ ፔፐርዋይት 1236 በ1648፣ ኮቦ ሊብራ 2 ደግሞ 1264 በ1680 ፒክስል ነው። ልኩ ከገጠመ መሣሪያው ደግሞ የሚያሳንሰው አይኖርም። ፋይሉም ይቀላል፣ ገጹም ቶሎ ይገለጣል። ነጩን ኅዳግ እንዲቆርጥልህም እዘዘው፤ በ7 ኢንች ስክሪን ላይ ፊደሉ ጎላ ይላል። ጥቁሩ ከደበዘዘብህ አንድ ምዕራፍ ብቻ ወስደህ የጋማውን (የብርሃንና የጥላውን መጠን) ማስተካከያ እየለዋወጥህ ሞክር።

ጥያቄ፦ ገጾቹ ከኋላ ወደ ፊት ይሄዱብኛል።

መልስ፦ ማንጋ ሞድ የሚለውን ምልክት ሳታደርግ ለውጠኸዋል ማለት ነው። የጃፓኑ ንባብ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። የኮሪያ ሥራ ከሆነ ግን አትንካው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ከላይ ወደ ታች ለሚወርደው ዌብቱን ለብቻው ምርጫ አለው።

ጥያቄ፦ ሁለት ገጽ የያዘ አንድ ሥዕል ሲመጣስ?

መልስ፦ ለሁለት መክፈል፣ ማዞር ወይም ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል። እኔ አዞራለሁ። አንድ ሆኖ የተሣለ የጦር ሜዳ ከመሃሉ ሲቆረጥ ማየት አልወድም። ንግግር የበዛበት ገጽ ከሆነ ግን መክፈሉ ለዓይን ይቀላል።

ጥያቄ፦ ወደ ኪንድሌ በኢሜይል ልላከው?

መልስ፦ ሞቢ ከሆነ አማዞኖች በዚያ መንገድ አይቀበሉትም፤ ኢፐብ (ሌላ የኢ-መጽሐፍ ፋይል ዓይነት) ይቀበላሉ፣ ግን በኢሜይል ከ50 ሜጋባይት በላይ አያልፍም። አንድ ሙሉ ቅጽ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ሞቢውን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝተሽ ዶክዩመንትስ በሚለው ፎልደር ውስጥ ገልብጪው።