ጥያቄና መልስ፦ የአይዋ ሲቲው ጥቁር መልአክ

ጥያቄ፦ በአሜሪካ አይዋ ሲቲ የምኖር የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። በከተማችን በኦክላንድ የመቃብር ስፍራ አንድ ጥቁር የመልአክ ሐውልት አለ። ጎረቤቶቼ «እርጉዝ ሴት ከክንፉ ሥር ካለፈች ፅንሷ ይወርዳል፤ የሳመውም ሰው ይሞታል» ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት ይህን ሳላውቅ ከሥሩ አልፌአለሁና እንቅልፍ አጣሁ። ነገሩ ከምን የመጣ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ልብዎ ይረፍ፤ ያ ክንፍ በእርስዎም ሆነ በልጅዎ ላይ የሚያደርሰው አንዳች ጉዳት የለም። ያለፉበት ስፍራ አንዲት እናት ለልጃቸው ያሠሩት መቃብር ነው።

ወይዘሮ ቴሬዛ ዶሌዛል ፌልድቨርት እ.ኤ.አ. በ1836 በቦሄሚያ፣ በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ፣ ተወልደው ከልጃቸው ከኤዲ ጋር ወደ አይዋ ሲቲ የተሰደዱና በዚያም በአዋላጅነት የሠሩ ሴት ነበሩ። ኤዲ በ1891 በማጅራት ገትር ሲሞት ገና የ18 ዓመት ወጣት ስለነበር፣ እናቱ በመቃብሩ ላይ ያለጊዜው የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ በድንጋይ አስቀርጸው አቆሙለት። በኋላ ባላቸው በ1911 ሲያርፉ፣ የቺካጎውን ቀራፂ ማሪዮ ኮርቤልን ቀጥረው ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ የሚረዝመውን የነሐስ መልአክ አሠሩ። ራሳቸው በ1924 ሲሞቱም አመዳቸው በዚያው ዐረፈ። በሐውልቱ ላይ የልደት ዓመታቸው ተጽፎ የሞታቸው ዓመት ግን ሳይጻፍ መቅረቱ ለወሬው አንድ መነሻ ሆኗል።

መልአኩ የጠቆረው በሴትየዋ ኃጢአት ነው፣ መብረቅ መትቶት ነው የሚባለውን አይመኑ። ነሐስ መዳብና ቆርቆሮ ተቀላቅለው የሚሠራ በመሆኑ፣ መዳቡ ዓመታት ሙሉ ከአየርና ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ላዩ ይጠቁራል። በዚያው ግዛት በካውንስል ብለፍስ ከተማ፣ ለሩት አን ዶጅ መታሰቢያ የቆመው ሌላ የነሐስ መልአክም ጠቁሮ «ጥቁሩ መልአክ» እየተባለ ይጠራል፤ እርሱም የራሱ አስፈሪ ወሬ አላጣም።

እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ፣ እናቶችን ሲያዋልዱ የኖሩ ሴት መቃብር የነፍሰ ጡሮች ማስፈራሪያ መደረጉ ነው። ወሬውን ሊፈትኑ በሌሊት የሚመጡ ሰዎች የመልአኩን ጣቶች ሳይቀር ሰብረው ወስደዋል። በሌላ ጊዜ በዚያ ሲያልፉ ወደ ክንፉ ከማየትዎ በፊት አጠገቡ ያለውን የኤዲን የድንጋይ ጉቶ ይመልከቱ።