ጥያቄና መልስ፦ የድምፅ መልእክት ደጋጋሚ አጨዋወት

ካቻቢቴ፦ ዛሬ ማታ ጊዜ አለኝ፤ ስለ መልእክት ደጋጋሚ፣ ማለትም ሴንሰር ወይም ቁልፍ ሲቀሰቅሰው የተቀዳ ንግግር ስለሚያጫውት መሣሪያ፣ የምትጠይቁት ካለ ጠይቁ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ልናገር። አንደኛ፣ ሞዴሉን ጻፉ። ሁለተኛ፣ የመቀስቀሻው መግቢያ ላይ ቮልቴጅ አታስገቡ። አብዛኞቹ መሣሪያዎች የሚፈልጉት ደረቅ ኮንታክት ነው፤ ሁለቱ ገመዶች መነካካታቸው ብቻ። ሴንሰራችሁ 12 ወይም 24 ቮልት የሚያወጣ ከሆነ መሃል ላይ ሪሌይ ይግባ፤ በአንድ በኩል ቮልቴጁን ተቀብሎ በሌላ በኩል ገመዶቹን ብቻ የሚያነካካ ማብሪያ ነው።

ጀማሪ፦ ጋሼ፣ ሰው ሴንሰሩ ፊት እስከቆመ ድረስ የኔው ያለማቋረጥ ይለፈልፋል። አንዴ ብቻ ተናግሮ ዝም እንዲል ምን ላድርግ?

ካቻቢቴ፦ ጥሩ ጥያቄ። ጥፋቱ የሴንሰሩ ሳይሆን የአቀሰቃቀሱ ነው። አንዱ ዓይነት ንክኪው ሲጀምር ብቻ ነቅቶ መልእክቱን እስከ ጫፍ ያጫውታል፤ ከዚያ በኋላ ጣትህን ባታነሳም ግድ የለውም። ሌላው ንክኪው እስካለ ድረስ ይናገራል፤ ሲለቀቅ ዓረፍተ ነገር መሃል ላይም ቢሆን ይቆማል። ትንሿ የድምፅ መቅጃ ቺፕ አይኤስዲ 1820 እንኳ ለሁለቱም የተለያየ እግር አላት፦ ፕሌይኢ የመጀመሪያው፣ ፕሌይኤል የሁለተኛው። ያንተ ሁለተኛው ላይ ነው ያለው፤ ከሉፕ (ሲያልቅ ከመጀመሪያው ከሚደግመው) ጋር። ወደ መጀመሪያው መልሰው፣ ሉፑን አጥፋ።

ከዚያ ወደ ዝምታው ና። ሰው ሁሉ ስለ ቮሊዩም ይጨነቃል፤ ስለ ዝምታ የሚጠይቀኝ የለም። መልእክትህ 12 ሰከንድ ነው እንበል፤ ሰው እዚያ ቦታ የሚቆየው ደግሞ 90 ሰከንድ ገደማ። 33 ሰከንድ ዝምታ ብትሰጠው በየ45 ሰከንዱ ይናገራል፤ አላፊው ሁለቴ ሰምቶ ይሄዳል፣ ይበቃዋል። አጠገቡ ተቀምጦ የሚሠራው ግን በሰዓት 80 ጊዜ፣ በ8 ሰዓት 640 ጊዜ ይሰማዋል። አንድ ቦታ 10 ሰከንድ ዝምታ ሰጥቼ ገጥሜ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ የስፒከሩ ቀዳዳዎች በፕላስተር ታሽገው አገኘኋቸው፤ አንድ በአንድ፣ በጥንቃቄ። አልፈረድኩባቸውም።

ደግሞ አንዳንዱ መሣሪያ ክፍተቱን የሚቆጥረው መልእክቱ ካለቀበት ነው፤ ሌላው ከጀመረበት። ማኑዋሉ ካልነገራችሁ 20 ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ በስልክ ሰዓት ለኩት።

ሽቦ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ አይኤስዲ 1820 ራሷ በቮልቴጅ አይደል እንዴ የምትቀሰቀሰው? ደረቅ ኮንታክት ያሉት አልገባኝም።

ካቻቢቴ፦ ንክኪው በሚያቀብላት፣ ከራሷ ኃይል ምንጭ በሚመጣ ቮልቴጅ ነው፤ ከውጭ በመጣ 24 ቮልት አይደለም። ጀማሪዎችን አታደናግርብኝ።

ቀስ በቀስ፦ ድምፁ ትንሽ ነው። ምን ይሻላል?

ካቻቢቴ፦ ሞዴል?

እህተ ገመድ፦ ዲኤፍፕሌየር ሚኒ ነው ያለኝ፤ ከሚሞሪ ካርድ የሚያጫውተው ትንሹ ሞጁል። አንደኛውን መልእክት ስጠራ አራተኛውን ያጫውተኛል። የፋይሎቹን ስም ደጋግሜ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም።

ካቻቢቴ፦ እህቴ፣ ስሙን አይደለም የሚያየው። ፋይሎቹ እንዲሁ ካርዱ ላይ ሲበተኑ የሚቆጥራቸው በተገለበጡበት ቅደም ተከተል ነው። ካርዱን በፋት32 ፎርማት አድርጊው፤ ከ32 ጊጋባይት አይብለጥ። 01 የሚል ፎልደር ከፍተሽ ፋይሎቹን 001፣ 002 እያልሽ በተራ አንድ በአንድ ገልብጪ፤ ከዚያ በፎልደርና በቁጥር ጥሪያቸው። የገለበጥሽው ከማክ ከሆነ የተደበቁ ፋይሎችን ጥሎ ይሄዳል፤ መሣሪያው እነሱንም ስለሚቆጥር አጥፊያቸው። ቮሊዩሙ ከ0 እስከ 30 ነው፤ ለሙከራ ከ15 ጀምሪ።

ዋቭ ወዳድ፦ ኤምፒ3 መጠቀሙ ራሱ ስህተት ነው። ያልተጨመቀውን ዋቭ ብቻ ተጠቀሙ።

ሽቦ፦ ለንግግር? 128 ኪሎቢት ሞኖ ከበቂ በላይ ነው።

ዋቭ ወዳድ፦ ሉፕ ላይ አድርገህ ስማውና እናወራለን። ክፍተቱ ይሰማል።

ሽቦ፦ የሚሰማህ አንተን ብቻ ነው።

ካቻቢቴ፦ ተዉት እስቲ። ኤምፒ3 ሲጨመቅ ትንሽ ዝምታ ይጨመርበታል፤ እውነት ነው። ሳይቋረጥ ለሚዞር ሙዚቃ ይጎዳል፤ ለዚያ ዋቭ። እዚህ ግን የምናወራው ተናግሮ 30 ሰከንድ ዝም ስለሚል መልእክት ነው። የሰከንድ ሽርፍራፊ ማን ይሰማዋል?

ጀማሪ፦ ጋሼ ሠራ! አንድ ልጨምር፣ ሌላ ቦታ በ1820 ያዘጋጀሁት 20 ሰከንድ ቅጂ ከብርድ ልብስ ስር የሚያወራ ነው የሚመስለው።

ካቻቢቴ፦ የቅጂውን ርዝመት የሚወስነውን ሬዚስተር 200 ኪሎኦም አድርገሃል ማለት ነው። ማስታወሻዋ ያው ነው፤ ጊዜውን ባረዘምከው ቁጥር ናሙናው፣ ማለትም ድምፁን በሰከንድ የምትለካበት ብዛት፣ ይሳሳል። በ200 ኪሎኦም በሰከንድ 3200 ናሙና ብቻ ነው የምትወስደው፤ የሚያልፈውም ድምፅ እስከ 1.3 ኪሎኸርዝ ገደማ። «ሰ»ን ከ«ሸ» የሚለየው ከዚያ በላይ ስለሆነ ሁለቱም ይጠፋሉ። 100 ኪሎኦም አድርግ፤ 10 ሰከንድ ይበቃሃል። ንግግሩን አሳጥር። «ውድ ደንበኞቻችን እንደምን አላችሁ» የሚለውን ብትቆርጥ ብቻ ሦስት ሰከንድ ታተርፋለህ።

ባለሁለት በር፦ ሁለት መቀስቀሻ አለኝ፤ አንዱ ሌላውን እንዲያቋርጠው ይቻላል? አንደኛው የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያ ነው።

ካቻቢቴ፦ ማቋረጥና ቅድሚያ የሚል ሴቲንግ ካለው ይቻላል። ለእሳት ግን በዚህ መሣሪያ አትተማመን፤ ለዚያ የተፈተነና ፈቃድ ያለው ሥርዓት አለ።

ቀስ በቀስ፦ ድምፁ ትንሽ ነው ብዬ ነበር። መልስ አላገኘሁም።

ካቻቢቴ፦ ሞዴሉን ጠይቄህ ነበር፤ እኔም መልስ አላገኘሁም።

ቀስ በቀስ፦ ሞዴሉ ተፍቋል። ስፒከሩን የሰካሁት ላይን አውት የሚል ቀዳዳ ላይ ነው።

ካቻቢቴ፦ ይኸው! ላይን አውት ደካማ ሲግናል ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ስፒከር አይነዳም። መሃል ላይ አምፕሊፋየር ያስፈልገዋል። ስትሰካውም የአምፕሊፋየሩ ላይን መግቢያ ላይ እንጂ ማይክ መግቢያው ላይ አይሁን፤ ድምፁ ይሰነጣጠቃል። ይህን መጀመሪያ ብትጽፈው ኖሮ ሁለታችንም እራት በልተን ነበር።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የበር ሴንሰሬ 24 ቮልት ያወጣል። በቀጥታ መቀስቀሻው ላይ ላስገባው?

ካቻቢቴ፦ ከላይ አንብብ።

ሽቦ፦ ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን መልእክት እየው። ሪሌይ።

አዲስ ገቢ፦ አሁን አነበብኩት። እየጠበቅኩ ሳለ አስገብቼው ነበር። መብራቱ አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ ከዚያ ወዲህ አይበራም። የትኛውን ሴቲንግ ላስተካክል?

ካቻቢቴ፦ ሪሌይ ግዛ። መሣሪያም ጭምር።