«ለየን» ወይስ «ነጠልን»?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የምሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ከሕመምተኛ ቁስል ስለተወሰደ ናሙና ስጽፍ «አዲስ የባክቴሪያ ዝርያ ለየን» አልኩ። ባልደረባዬ «ለየን ማለት ከሌላው አወጣን ነው እንጂ ማንነቱን ዐወቅን አይደለም» ብሎ ሰረዘብኝ። ማናችን ትክክል ነን?

መልስ፦ ሁለታችሁም፤ ጣጣውም እሱ ነው። የጎጃም ገበሬ በጎቹ ከጎረቤት መንጋ ሲቀላቀሉበት «ለየኋቸው» ቢል፣ አይቶ ዐወቃቸው፣ ከዚያም አወጣቸው ማለት ነው። እናንተ ዘንድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መጀመሪያ ካልቸር (ባክቴሪያ የሚያድግበት ምግብ ያለበት ሳህን) ላይ ነጥላችሁ ታሳድጋላችሁ፤ ማንነቱ የሚታወቀው ኋላ ነው። በመካከሉ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ሁላችንም «የጨጓራ ባክቴሪያ» የምንለውን እንይ። ማርሻልና ዋረን የተባሉ ሐኪሞች አውስትራሊያ ውስጥ ካልቸር ላይ ያሳደጉት በ1982 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም ሳህኖቹ በፋሲካ በዓል ምክንያት ከተለመደው ቀን በላይ በመቆየታቸው። መጀመሪያ «ካምፒሎባክተር ፓይሎሪዲስ» ተባለ። በ1987 «ፓይሎሪ» ተብሎ ታረመ፤ ምክንያቱ የላቲን ሰዋስው ስሕተት ነበር (የሰዋስው ሰው የሚደሰትበት ቀን ብርቅ ነው)። በ1989 ደግሞ ከካምፒሎባክተር ወጥቶ «ሄሊኮባክተር» የሚባል የራሱ ወገን (ጂነስ፣ ከዝርያ በላይ ያለ እርከን) ተሰጠው። በ1982 የሆነው «ነጠሉት» ነው፤ በ1989 የሆነው «መደቡት» ነው። በ«ለዩት» ብቻ ብንጽፈው ሰባቱ ዓመት ይጠፋል።

ስለዚህ ለመጀመሪያው «ነጠልን»፣ ለማንነቱ «ለየን»፣ ለቦታው «መደብን» በሉ። «ለየለት» ግን አደራ፤ አበደ ይመስላል።

«ዝርያ»ን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለገበሬው ቁንጮ አንድ የጤፍ ዝርያ ነው፤ ለሳይንሱ ግን ጤፍ በሙሉ አንድ ዝርያ ነው። በኮሮና ጊዜም የዚያው ቫይረስ ልውጥ የሆነውን ዴልታን «አዲስ ዝርያ» ስንለው ከርመናል። በባክቴሪያ «አዲስ ዝርያ» ለማለት መስፈርት አለ፦ የ16ኤስ ጂኑ (ባክቴሪያዎችን ለማነጻጸር የሚያገለግለው ጂን) ከታወቁት ጋር ያለው መመሳሰል ከ98.7 በመቶ ገደማ ሲያንስ ጥርጣሬ ይነሣል፤ የሙሉ ጂኖሙ (የዘር መረጃው በጠቅላላ) አማካይ መመሳሰል ከ95–96 በመቶ በታች ከሆነ ይጠናከራል። ከዚያም የባክቴሪያው ሕያው ናሙና በሁለት አገሮች ባሉ የባክቴሪያ ማኖሪያዎች ይቀመጣል፤ ስሙም በዓለም አቀፉ የባክቴሪያ ስያሜ ሕግ መሠረት ታትሞ ይወጣል። እዚህ ካልደረሳችሁ «ያልታወቀ ባክቴሪያ ነጠልን» ይበቃል። በአንድ ዝርያ ውስጥ ላለው ልዩነት ግን «ስትሬይን» የምትሉትን እንደያዛችሁ ቆዩ፤ «ንዑስ ዝርያ» ሌላ እርከን ነው።