የሜሪ ኒሞ ሞራን ዛፎች ለምን የሚወዛወዙ ይመስላሉ?

ሰላም እህቴ። «የሜሪ ኒሞ ሞራንን የኢስት ሃምፕተን ኤቺንግ ሳይ ነፋሱ ይሰማኛል፤ ጥቁር መስመር ብቻ ሆኖ እንዴት?» ብለሽ ጠይቀሻል። ኤቺንግ መዳብ ላይ በአሲድ ተቆፍሮ ወረቀት ላይ የሚታተም ሥዕል ነው፤ እኔም በመዳብ ላይ ስለምሠራ የማውቀውን ልንገርሽ።

መዳቡ መጀመሪያ አሲድ የማይበላው ስስ ሰም ይቀባል። ሠዓሊዋ በመርፌ የምትጭረው ሰሙን ብቻ ነው። መዳቡን የሚበላው አሲዱ ነው። ስለዚህ እጅ ከብረት ጋር አይታገልም፤ መርፌው እንደ እርሳስ ይሮጣል። መስመሩ ቢንቀጠቀጥ፣ መሃል ላይ ቢቆረጥ፣ ድንገት ቢታጠፍ፣ ያ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ይወጣል።

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ሞራን ደጅ ወጥታ፣ ዛፉ ፊት ተቀምጣ በቀጥታ ሳህኑ (የመዳቡ ዝርግ) ላይ ትስል ነበር። ኢስት ሃምፕተን ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ፣ አትላንቲክ ዳር ነው፤ አገሩ ሜዳማ ስለሆነ የባሕሩን ነፋስ የሚከልል የለም። እንዲህ ያለ ቦታ ስሠራ ቅጠል በቅጠል መሳል አልችልም። ቅርንጫፉ ወዴት እንዳጋደለ ብቻ ይዤ እሮጣለሁ። የእሷም መስመር ላይ የማየው ይህንን ጥድፊያ ነው።

ከዚያ ደግሞ ቀለሙ አለ። አሲዱ የበላውን ሳህን ቀለም ቀብተሽ ትጠርጊዋለሽ፤ መስመሩ ውስጥ የቀረው ቀለም ወረቀቱ ላይ ይታተማል። ሳህኑን አጥርተሽ ከጠረግሽው ሰማዩ ነጭ ይሆናል። ስስ ቀለም ከተውሽበት ዝናብ ያዘለ ይመስላል። በለስላሳ ጨርቅ መስመሩን ዳበስ ስታደርጊው ቀለሙ ትንሽ ወጣ ይልና ዳሩ ይደበዝዛል። ቅጠሉ የተንቀሳቀሰ የሚመስለው ያኔ ነው።

ሞራን እ.ኤ.አ. በ1842 ስኮትላንድ ተወልዳ በልጅነቷ አሜሪካ የገባች ናት። ኤቺንግ የጀመረችው በ1879 ነው። በ1881 አዲስ የተመሠረተው የለንደኑ የኤቺንግ ሠዓሊዎች ማኅበር ሲቀበላት ከመጀመሪያዎቹ አባላት ብቸኛዋ ሴት እሷ ነበረች። በሁለት ዓመት! ዛሬም ግን ስሟ የሚነሳው ከባሏ ከቶማስ ሞራን፣ የሎውስቶን የተባለውን የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርክ በመሳል ከታወቀው፣ ኋላ ነው። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

በስልክ ፎቶ ብቻ አትፍረጂ። አሜሪካ ካለሽ ኦክላሆማ ግዛት፣ ተልሳ ከተማ ያለው የጊልክሪስ ሙዚየም ሥራዎቿን ይዟል። ልትገዢ ከሆነ ደግሞ በአጉሊ መነጽር እዪው። እኩል የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ካየሽ ከፎቶ የተባዛ ነው። ከሳህን የታተመ ከሆነ መስመሩ ሙሉ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሳህኑ ወረቀቱን የተጫነበት ጠርዝ በጣት ይዳሰሳል።